ወንጀሉን ሁሉ በእንግዳ ላይ ላላከከው የቡሬ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ሲዞር የከረመውን ስለ ቡሬ ወንጀል የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ ድሮ ቡሬ በር ሳይዘጋ የሚታደርባት ከተማ ነበረች፣ ከዛ የኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ ዘይት ፋብሪካው መጣ፣ ከየአገሩ ሰው ጎረፈ፣ ወንጀል በእጥፍ ጨመረ፣ ፖሊስ የያዘውን ፍርድ ቤት በዋስ ይለቃል፣ ስለዚህ መጤው ተለይቶ ይመዝገብ፣ ባጃጅ በጊዜ ይግባ፣ የደም ጉዳይ እንደ ጥንቱ ወደ ሽማግሌ ይመለስ። ከስር ደሞ በወንጀል የተጠረጠሩ የሁለት ልጆች ፎቶ ተለጥፏል። ሰዉ "እውነት ብለሃል" እያለ ሼር ሲያደርገው ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ፖሊስም ጋዜጠኛም አይደለሁም። ህግ ተምሬ የጥብቅና ፈቃድ ሳላወጣ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። የዋስትና ማመልከቻ፣ የጉዳት ካሳ፣ ቀለብ፣ ወራሽነት፣ የድንበር ክስ፣ ይግባኝ፣ ሁሉም እኛ ጋ ነው የሚጻፈው፣ ሰው ደሞ ለራፖር ጸሐፊ ለዳኛ የማይነግረውን ይነግረዋል። ፍርሃቱን አልክድም፣ ማታ ስልኩን የተነጠቀ አለ፣ ባጃጅ ውስጥ የተዘረፈ አለ፣ ነጋዴ ታግቶ ቤተሰቡ ከብት ሸጦ ያስለቀቀው አለ። ጸሐፊው ፈራን ቢል ኖሮ አብሬው ነኝ። እሱ ግን ምክንያቱን አውቄዋለሁ ብሎ ነው የተነሳው፣ ጸቤ እዛ ላይ ነው።

መጀመሪያ "በእጥፍ ጨመረ" የሚለው። ከስንት ወደ ስንት? አይልም። በስንት ዓመት? አይልም። ቡሬ በ1987ቱ ቆጠራ 13 ሺህ ከምናምን፣ በ1999ኙ ደሞ 20 ሺህ ከምናምን ሰው ነበራት። ከዛ ወዲህ አገሪቱ ሕዝቧን ቆጥራ አታውቅም፣ ሊቆጠር ነው ሊቆጠር ነው ሲባል 2011 ላይ ፓርላማው ራሱ አራዘመው፣ ከዛ ኮሮና፣ ከዛ ጦርነት። እና የሕዝቡ ቁጥር ሳይታወቅ ወንጀል ጨመረ ቀነሰ የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ሰዉ እጥፍ ሆኖ ወንጀሉም እጥፍ ከሆነ ያንተና የኔ አደጋ ባለበት ነው ያለው። ለዚህ እኮ ነው ዓለም ላይ ግድያን ከ100 ሺህ ሰው ስንት ተገደለ እያሉ የሚለኩት፣ ለፈረንጆቹ 2021 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል መሥሪያ ቤት ያወጣው የዓለም አማካይ 5.8 ነው። እስቲ ለምሳሌ ያህል 50 ሺህ ሰው ያላት ከተማ እንውሰድና በዓመት 3 ሰው ተገደለባት እንበል፣ ዓለም ካለበት እምብዛም አልራቀችም። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ ጠብ ተነስቶ አንዱ ጠጥቶ ክላሽ ቢተኩስና በተለመደው ሦስት ላይ ሌላ ሦስት ሰው ቢወድቅ በቃ እጥፍ ሆነ፣ ካቻምና አንድ ብቻ ከነበረማ ስድስት እጥፍ ብለህ መጻፍ ትችላለህ። ትንሽ ከተማ ላይ የአንድ ዓመት ቁጥር ይዘህ አዝማሚያ ነው አትልም፣ አምስት ስድስት ዓመት ደርድረህ ነው የምታየው። ያንን የደረደረ ደሞ የለም።

እንደርድረው ብንል ራሱ ከ2015 ወዲህ ያለውን በምን እንደረድረዋለን? ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ስድስት ወር ተብሎ አራት ወር ተጨመረበት፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከረመ፣ በየወረዳው ስንት ፍርድ ቤት ተዘጋ፣ ስንት ፖሊስ ጣቢያ ባዶ ሆነ። ፖሊስ በሌለበት የወንጀል መዝገብ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፣ ምክንያቱም ማን ይመዝግበው? ስለዚህ የዛን ዓመት ሪፖርት ይዞ ወንጀል ቀነሰ የሚል ባለሥልጣን ቢመጣ እሱንም አልሰማውም ነበር፣ ሲመለስ የተከፈተውን መዝገብ ይዞ ጨመረ የሚለውንም አልሰማውም።

ጽሑፉ ግን ከዚህም ብሶ በነዚህ ዓመታት የሞተውን ሁሉ አንድ ላይ አደባልቆ የፋብሪካው መዘዝ አድርጎታል። አረ ተው! ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ በአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው አልቋል ተብሎ ተዘግቧል፣ ጥር 20 ቀን 2016 መርዓዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪል መገደሉን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ አውጥቷል። እነዚህን ቀማኛ ገደላቸው ልንል ነው? የጦርነት ሞት ሌላ መዝገብ ነው፣ የሚጠየቅበትም ሌላ አካል ነው። እገታውም ቢሆን ያው ነው። 2016 ክረምት መግቢያ ላይ ከአንድ መቶ በላይ ተሳፋሪ፣ አብዛኛው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገተው ቡሬ ዘይት ፋብሪካ ስላላት ነው? እገታ መንግሥትም መሣሪያ የያዘውም ሌላ ወገን በቅጡ ያልተቆጣጠረው መንገድ ላይ የሚበቅል ነገር ነው፣ ፋብሪካ የሌለው ገጠርም ውስጥ ሞልቷል።

በር ሳይዘጋ ይታደር ነበር ለሚለው ብዙ ቀለም አላባክንም። ሌባ ካልነበረ ሌባ ሻይ ለምን አስፈለገ? ለማያውቁ ወጣቶች ነው የምነግረው፣ ዕቃ ሲጠፋ አንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁትና ዞሮ ዞሮ የተኛበት ቤት ባለቤት "ሌባው አንተ ነህ" ይባል ነበር። አውጫጭኝስ? ወንጀል ሲፈጸም ያገሬው ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ የማይበተንበት ሥርዓት ነው። ሰው ይህን ሁሉ የፈጠረው ሥራ ፈትቶ አይደለም። በደርግ ጊዜ ማታ ጸጥ ያለ ነበር ከተባለ ደሞ አዎ፣ ሰዓት እላፊ ነበራ! አያቶቻችን በር ይዝጉ አይዝጉ አላውቅም፣ ትራስጌያቸው ምንሽር እንደነበር ግን የተሰቀለበት ግድግዳ ምስክር ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ መጤው። ጸሐፊው ከወለጋ የተፈናቀለውንም፣ ለፋብሪካ ሥራ የመጣውንም፣ ከቆላ ለቀን ሥራ የወጣውንም፣ ባጃጅ የሚነዳውንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከቶ አገሩን ያበላሹት እነሱ ናቸው ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው የግድያና የከባድ አካል ጉዳት ወረቀት ላይ ተበዳይና ተከሳሽ ካንድ ቀበሌ ናቸው፣ አንድ ጽዋ ይጠጣሉ፣ ብዙ ጊዜም ካንድ ማህፀን ናቸው። ከሁሉ የሚዘገንነኝን ልንገራችሁ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ አዋሳኝ የሚባል ቦታ አለ አይደል፣ በምሥራቅ እገሌ በምዕራብ እገሌ ተብሎ የሚሞላው፣ የሟች ወራሾች ደብተሩን ይዘው ለወራሽነት ማመልከቻ ሲመጡ በሰሜን በኩል የተጻፈውን ስም ሳነብ ገዳዩ ነው። እዛው ደብተር ላይ ጎን ለጎን! ሁለት ትልም ገፍተህ አረስክብኝ ተባብለው ነው። ሰኔ ሲገባና ማረሻ ሲወጣ የድንበር ክስ እንደሚበዛ ማንኛውንም ራፖር ጸሐፊ ጠይቁት።

የከተማዋ ማደግ ወንጀል ላይ ምንም እጅ የለበትም እያልኩ አይደለም፣ አለበት፣ ግን እሱ ባለው በኩል አይደለም። ከተማ ሲሰፋ ትናንት በጥማድ ይለካ የነበረ የዳር መሬት በካሬ መለካት ይጀምራል። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ነው ካሳ የሚከፈለው። አስቡት፣ ዕድሜውን ሙሉ ይሄን ያህል ብር ባንድ ላይ አይቶ የማያውቅ ቤት። ያን ቀን ነው ነገር የሚመጣው። አንደኛው ወንድም አባቴ ለኔ ነው የሰጠኝ ይላል፣ ሌላኛው አብሬ አርሼ አይደል ይላል፣ ሌላ አገር ያገባችው እህት ልጆቿን ይዛ ድርሻዬ ብላ ትመጣለች፣ የእንጀራ እናት አለች፣ አባትየው ሳይሞት ለአንዱ በኑዛዜ ሰጥቶታል የሚባል ወረቀት ካንድ ሳጥን ይወጣል። ካሳውን ያልጠበቀ ደሞ ጨረቃ ቤት ለሚሠራ ሰው ድንበሩን ቆርሶ በጎን ይሸጥለታል፣ አንዱን ቦታ ለሁለት ሰው የሸጠም አጋጥሞኛል። ከዚህ የሚነሳው ጠብ ነው ጩቤና ክላሽ የሚያማዝዘው። መጤው እዚህ ታሪክ ውስጥ ቢገባ እንኳ የሚገባው ገዢ ሆኖ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚበላው የሱ ብር ነው።

እቤት ውስጥ ያለውንማ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም። አንዲት እናት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣችና የቀለብ ማመልከቻ ጻፍልኝ አለችኝ። የልጆቹን ዕድሜ እየጠየቅኳት ነጠላው ሸርተት ሲል ግራ ጉንጯ አብጦ ጠቁሯል።

"ይሄንንም ልጻፈው እንዴ እትዬ?" አልኳት።

"ተወው ልጄ፣ እሱንስ ሽማግሎች ይዘውታል፣ አንተ የእህሉን ነገር ብቻ ጻፍ" አለችኝ። ጻፍኩ። እህሉን ብቻ።

ይህች ሴት የትኛውም የወንጀል ሪፖርት ላይ የለችም። በ2008 የተደረገው የአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ እርዳታ የፈለጉት 23 ፐርሰንት አካባቢ ብቻ ናቸው። ሌላው ዝም ነው። ቅድም ያልኩት የተባበሩት መንግሥታት ጥናት ደሞ በዓለም ላይ ከሚገደሉ ሴቶች 56 ፐርሰንቱን የሚገድላቸው ባል፣ ፍቅረኛ ወይም ዘመድ ነው ይላል፣ ወንዶች ላይ ይሄ 11 ፐርሰንት ነው። እና ሴት ልጅህን ከመጤ ጠብቃት ብሎ ለሚጽፍ ሰው ምን ልበለው? ሞቷ የሚመጣው በአብዛኛው ቁልፍ ካለው ሰው ነው።

ተለወጠ የምለው ነገር ካለ አንድ ነው፣ መሣሪያው። ጠብ ድሮም ነበረ፣ ጎጃሜ ደሞ ክብሬ ተነካ ካለ ወደኋላ አይልም፣ ይሄን አንካካድም። ግን አረቄ ቤት የተጣሉ ሁለት ሰዎች ሽመል ይዘው ከነበረ ጭንቅላት ይፈነከታል፣ ጤና ጣቢያ ይሰፋል፣ ለሽማግሌ የሚሆን ጊዜ ይገኛል። አሁን ያው ጠብ፣ ያው አረቄ፣ ያው ሰው፣ ትከሻው ላይ ያለው ግን ክላሽ ነው፣ እና ጠዋት ላይ የሚነሳው ሬሳ ነው። 2012 ላይ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ወጥቶ ነበር፣ ከዛ ዓመት ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ ከዛ የኛው መጣ፣ በየቤቱ የገባውን መሣሪያ ዛሬ ማን ይቆጥረዋል? ፋብሪካ ወንጀል አመጣ የሚለው ሰው ስለ ጠመንጃ አንድ መስመር ሳይጽፍ መጨረሱ ይገርመኛል። ምናልባት እሱም ቤት አለች።

ፍርድ ቤት ገዳይን በዋስ ይለቃል ለሚለው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ህጉ፣ የ1954ቱ፣ አንቀጽ 63 እንዲህ ይላል፦ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዛ በላይ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነና ተበዳዩ ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስ የለም። ተራ የሚባለው ግድያ ራሱ፣ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 540፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ሰው ገድሎ የተከሰሰ አብዛኛው ሰው ዋስ ጠይቆም አያገኝም፣ እኔ ራሴ የዋስትና ማመልከቻ ጻፍልኝ ሲሉኝ ብርህን አታባክን ብዬ የመለስኳቸው አሉ። ሰዉ ተለቀቀ ብሎ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ምስክር ይጠፋል። ፖሊስ ጋ በደንብ የተናገረው ሰውዬ ችሎት ሲቆም በደንብ አላየሁም ጨለማ ነበር ይላል፣ ለምን? ማታ ወደዛው ቀበሌ ነዋ የሚመለሰው! የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 699/2003፣ ወረዳ ላይ ግን እሱን አዋጅ ጠቅሶ ጥበቃ ያገኘ ምስክር በዓይኔ አላየሁም። ስለዚህ ዳኛውን ከመስደብ በፊት ምስክር እንዴት በሰላም ተናግሮ በሰላም ቤቱ ይደር የሚለውን ብንጽፍበት ይሻላል።

ሽማግሌ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። የደም ነገር ላይ ፍርድ ቤት ብቻውን አይበቃም፣ ይሄን ከተማ ተቀምጦ ህግ ህግ የሚል ሰው አይገባውም። ገዳዩ 12 ዓመት ተፈርዶበት፣ በአመክሮ ቀንሶ ወጥቶ፣ ቤቱ ሳይደርስ የሟች ልጅ ይጠብቀዋል፣ ያኔ ስምንት ዓመት የነበረው ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፣ እድሜ ልኩን "ያባትህ ደም" እየተባለ ነው ያደገው። እና ሌላ ሬሳ፣ ሌላ መዝገብ። ይሄን የሚያቆም ዳኛ የለም፣ ቄሱና ሽማግሌው ናቸው ካሳ አስከፍለው፣ አስምለው፣ ሁለቱን ቤተሰብ አንድ መአድ ላይ አቅርበው የሚያቆሙት። ሽምግልናውን እንደ ኋላቀርነት የሚያይ ሰው ስንት ሕይወት እንዳተረፈ አያውቅም።

ግን "ሁሉም ወደ ሽማግሌ ይመለስ" አይባልም። ዕርቁ ከፍርዱ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ነው የሚሠራው፣ ፍርዱን ሲተካማ ብር ያለው ገድሎ ይከፍላል ማለት ነው። ያቺ ጉንጯ ያበጠ እናት ጉዳይዋ ሽማግሌ ጋ ነው ያለው አላለችኝም? ሽማግሌዎቹ የባሏ አበ ልጅ፣ የባሏ አጎትና የባሏ ጎረቤት ናቸው። ምን ብለው እንደሚፈርዱ ለመገመት ህግ መማር አያስፈልግም፣ ተመለሺ፣ ልጆችሽን አሳድጊ፣ እሱም ሁለተኛ አይለምደውም። ለመደው እኮ! ደመኛን ማስታረቅና የተደበደበችን ሴት ወደ ደብዳቢዋ መመለስ ሁለቱም ሽምግልና ስለተባሉ አንድ አይሆኑም።

ባጃጅ በጊዜ ይግባ ለሚለው አጭር መልስ ነው ያለኝ። ማታ ምጥ የያዛት ሴት በምን ትሂድ? ከፋብሪካ በሁለተኛው ሺፍት የምትወጣ ልጅ በጨለማ በእግሯ ትሂድ? ዘረፋው እኮ የሚፈጸመው እግረኛ ላይ ነው። ለባጃጁ የጎን ቁጥር በደንብ የሚነበብ አድርጎ መጻፍና መንገድ ዳር ያለውን የጠፋ አምፖል መቀየር ይቅደም፣ ከዛ ስለ ሰዓቱ እናወራለን።

መጤ ይመዝገብ ስለሚለውም እንደዚሁ። ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው ለሁሉም ነው፣ ይመዝገብ ከተባለ ነባሩም ይመዝገብ፣ ለአንዱ ወገን ብቻ መዝገብ መክፈት ግን ነገ ግርግር ሲነሳ ማን ቤት እንደሚኬድ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ከወለጋ ቤቱ ተቃጥሎ የመጣ ሰው ዝርዝር ውስጥ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ካንተም ከኔም በላይ ያውቀዋል።

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ኮሜንት ላይ እየተሟገትን እንቆያለን፣ ከፈለግህም የድንበር ጠብና የካሳ ጉዳይ ላይ ጻፍና እኔ ራሴ ሼር አደርግልሃለሁ። ፎቶው ግን አይቆይም። ሁለቱ ልጆች ተጠረጠሩ እንጂ አልተፈረደባቸውም፣ አንደኛው ፊቱ ላይ ገና ጢም አልወጣም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ነገ ነፃ ቢወጡ በዚህ ቡሬ ውስጥ ማን ሥራ ይቀጥራቸዋል፣ የተጎጂው ወንድም መንገድ ላይ ቢያገኛቸውስ ደማቸው በማን እጅ ነው? ዛሬ አንሳው። ሼር ያደረጋችሁትም እንደዛው፣ ቴሌግራም ላይ መሰረዣው ሁለት ጊዜ መንካት ነው።